እጅ ያጠረው ማን ነው?

(ለቋንቋ ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ መድረክ ላይ የረሳሁትን ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ቻይንኛ የምትችሉ ካላችሁ አነጋገሬን ታገሡኝ። የማትችሉም አትፍሩ፤ ዛሬ በቃላችሁ የምትይዙት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ "ሾው"። እጅ ማለት ነው።

ቲያንጂን እማር በነበረ ጊዜ ማታ ማታ ለቻይናውያን ተማሪዎች እንግሊዝኛ አለማምድ ነበር። ሙያዬ ሌላ ነው። ግን እዚያ እንግሊዝኛ የሚናገር የውጭ ሰው ከተገኘ መምህር ነው፤ "ላኦሽ" ይሉኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ።

አንድ ማታ አንዲት ተማሪ ስልኳን ዘርግታ መጣች። ከውጭ አገር መምህሯ ጋር የተጻጻፈችውን እንድመለከትላት ነው። ክፍላቸው ለሽርሽር ገንዘብ እያዋጣ ነበር። እሷ "ይቅርታ፣ በዚህ ወር ሾርት ሃንድድ ስለሆንኩ አልችልም" ብላ ጽፋለታለች። ሰውየው ምን ብሎ ቢመልስላት ጥሩ ነው? "ስንት ሰው ያስፈልግሻል? ሁለት ልጆች ልልክልሽ እችላለሁ።"

ልጅቷ ግራ ገብቷታል። እሷ ገንዘብ የለኝም ትላለች፣ እሱ ሰው ልላክልሽ ይላታል።

እኔን ግን ወዲያው ገባኝ። እጅ አጥሯታል! ምን ይጠየቃል? እንዲያውም መጀመሪያ የተሳሳተ የመሰለኝ መምህሩ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ነው የነቃሁት። በእንግሊዝኛ ሾርት ሃንድድ የሠራተኛ እጥረት ነው። ምግብ ቤቱ አምስት አስተናጋጅ ያስፈልገዋል፣ ዛሬ የመጡት ሦስት ናቸው፣ ያኔ ሾርት ሃንድድ ሆነ ይባላል። የባለቤቱ ኪስ እስኪፈነዳ ቢሞላም ያው ነው።

ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት። በቻይንኛ ገንዘብ ሲያጥር "ሾውቶው ጂን" ይባላል፤ እጄ አካባቢ ጠበበኝ እንደ ማለት። መጀመሪያ ጠባብ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከእጅ ጋር ልታጋባው ፈልጋ ነበር። መዝገበ ቃላት ስታገላብጥ ግን ስስታም የሚል ትርጉም መጣባት። እሷ ስስታም አይደለችም፣ የላትም እንጂ። ስለዚህ ጠባቡን አውጥታ አጭሩን አስገባች። አሠራሯ አንድ እንከን የለውም። የወጣው ቃል ግን በሌላ ትርጉም ተይዞ ኖሯል።

እኔን የገረመኝ እኔና እሷ መግባባታችን ነው። አንድ ሐበሻና አንዲት ቻይናዊት በእንግሊዝኛ ተነጋገርን፣ ተግባባን፣ የቋንቋው ባለቤት ብቻ ሳይገባው ቀረ። ከዚያ ማታ በኋላ ይቺን ሃንድ የምትባል ቃል እንደ ሌባ መከታተል ጀመርኩ።

ከድምፁ ልነሳ። ለእኛ "ሃንድ" ማለት ምንም አይደለም። አንድ፣ ወንድ፣ ክንድ እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ቻይንኛ ግን ቃሉን በአናባቢ ካልሆነ በ"ን" ወይም "ንግ" በሚባለው ድምፅ ነው የሚዘጋው፤ ቤጂንጎች መጨረሻ ላይ "ር" ይጨምራሉ። "ንድ" ብሎ መዝጋት የለም። ስለዚህ ጀማሪው ወይ "ድ"ዋን ይውጣትና "ሀን" ይላል፣ ወይ አናባቢ ይጨምርላትና "ሃንደ" ያደርጋታል። ይባስ ብሎ በራሳቸው ቋንቋ እጅም "ሾው" ነው፣ ራስ ማለት የሆነው የጥንቱ ቃልም "ሾው" ነው፤ ዜማው ሳይቀር አንድ ነው። የሚለዩት በጽሕፈት ነው።

ጽሕፈቱ ደግሞ ደስ ይላል። እጅ የሚለው ምልክት አራት ጭረት ነው። ጠበብ ብሎ በሌሎች ቃላት ግራ ጎን ሲለጠፍ ሦስት ጭረት ይሆንና "ይሄ የእጅ ሥራ ነው" እያለ ይጠቁማል፤ መምታት ላይ አለ፣ ማቀፍ ላይ አለ፣ መፈለግ ላይ አለ። የሱቅ በር ላይ "ግፋ" ተብሎ ሲጻፍም አለ፣ "ሳብ" ተብሎ ሲጻፍም አለ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ወራት እጇን ብቻ እያየሁ የሚሳበውን ስገፋ፣ የሚገፋውን ስስብ ነው የከረምኩት። ባለሱቆቹ ለምደውኝ ነበር።

አሁን ወደ ትርጉሙ። እንግሊዝኛ ሰውን እጅ ብሎ ይጠራል፤ የእርሻ ሠራተኛው ሃንድ ነው፣ መርከበኛው ሃንድ ነው፣ "ሁሉም እጅ ወደ መርከቡ ወለል" ሲባል የሚወጣው ሰውየው እንዳለ ነው። ይሄን ለአማርኛ ተናጋሪ ስታስረዱ ትንሽ ትለፋላችሁ። ለቻይናዊ ግን ማስረዳት አያስፈልግም። መርከበኛ በቻይንኛ "ሽዌይሾው" ነው፣ የውኃ እጅ። ዘፋኙ የዘፈን እጅ ነው። ረዳት የመርጃ እጅ፣ ነፍሰ ገዳይ የመግደያ እጅ፣ ተጋጣሚህ ደግሞ ፊት ለፊትህ ያለው እጅ። የሰው ኃይል "ረንሾው" ነው፣ የሰው እጅ፤ ሰው ሲያንስ "የሰው እጅ አልበቃም" ይላሉ። እንግዲህ ያቺ ልጅ ሾርት ሃንድድ የሚለውን ትክክለኛ ትርጉም በገዛ ቋንቋዋ ታውቀው ነበር ማለት ነው! ከሌላ ኪስ አወጣችው እንጂ።

"ላኦሾው" ሲሉ አሮጌ እጅ ማለታቸው ነው፤ ልምድ ያለው ሰው። እንግሊዝኛውም ቃል በቃል ያንኑ ይላል፣ ኦልድ ሃንድ። አዲስ ገቢውን ደግሞ "ሺንሾው" ይሉታል፣ አዲስ እጅ። እዚህ ጋ ተማሪዎቼ በሙሉ "ግሪን ሃንድ" እያሉ ይጽፉልኝ ነበር፣ አረንጓዴ እጅ፣ እንደዚያ ተምረውታልና። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ በድሮዎቹ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች ላይ ባሕር አይቶ የማያውቀው ጀማሪ እንዲያ ይባል ነበር። ዛሬ ብትሉት ሰው ይገባዋል፣ ግን የታክሲ ረዳቱን "ጌታው ሆይ፣ ወራጅ ነኝ" እንደ ማለት ነው።

ስለ አሮጌ እጅ ካነሳን አይቀር፣ እንግሊዝኛ "ቻይና ሃንድ" የሚባል ነገር አለው። ቻይናን ጠንቅቆ የሚያውቅ የውጭ ሰው ማለት ነው። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ሲሰሙት የቻይና እጅ፣ ማለትም ለቻይና የሚሠራ ሰው መስሏቸው ነበር። ሳቅሁ። በኋላ ግን ታሪኩን ሳነብ ሳቄ ቀረ። በ1940ዎቹ (በፈረንጆቹ) ቻይና የነበሩ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ነበሩ፤ በዚህ ስም የሚታወቁ። 1949 ላይ ኮሚኒስቶቹ ሲያሸንፉ "ቻይናን ያስወሰዳችሁብን እናንተ ናችሁ" ተባሉ። ከነሱ አንዱ ጆን ሰርቪስ በ1951 ከሥራ ተባረረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈረደለት በ1957 ነው። እና የኔ ተማሪዎች የተሳሳቱትን ስሕተት፣ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም ተሳስተውታል፣ ያውም በሰው እንጀራ ላይ።

ሰከንድ ሃንድ ቀላሉ ነው። ቻይናውያን "አርሾው" ይሉታል፣ ሁለተኛ እጅ፤ ያገለገለ ዕቃ። እኛም ሰልባጅ ተራ ሄደን "ሰከንድ ሃንድ ነው" እንላለን። ችግሩ ሰዓት ላይ ነው። እንግሊዝኛ የሰዓቱን ቆጣሪዎች እጅ ይላቸዋል፤ ቻይንኛ መርፌ ይላቸዋል። እና "የሰዓቴ ሰከንድ ሃንድ ቆመ" የሚል ዓረፍተ ነገር ሰጥቻቸው አንዱ ተማሪ "ያገለገለ ሰዓት ሲገዛ እንዲህ ነው" ብሎ አዘነልኝ።

ከሁሉም ረጅም ጊዜ የወሰደብን ግን አንድ ተራ የሚመስል አባባል ነው፤ ኦን ዚ አዘር ሃንድ። በሌላው እጅ።

ቻይና ውስጥ ልጆች እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል ጀምረው ይማራሉ፤ ዩኒቨርሲቲ መግቢያው ጋኦካኦ ላይም አለ። ስለዚህ ይሄን ሐረግ የማያውቅ የለም። ጽሑፍ ሲጀምሩ እንደ ቤት ምሰሶ ነው የሚተክሉት። አንዱ ልጅ ስለ ስልክ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ "በአንደኛው እጅ፣ ስልክ ተማሪው ቃላት እንዲፈልግ ይረዳዋል። በሌላው እጅ፣ ከወላጆቹ ጋር ያገናኘዋል።" አነበብኩት። ጥሩ ነው አልኩ። አለፍኩት። እንደዚህ ያለውን ስንቱን እንዳለፍኩ እግዜር ይወቅ።

በኋላ አንድ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ጓደኛዬ ወረቀቱን አየና "ግን'ኮ ሁለቱም ጥቅም ናቸው፣ የት አለ ሌላው እጅ?" አለኝ። እንግሊዝኛው አንባቢ ያቺን ሐረግ ሲሰማ ሚዛኑ እንዲገለበጥ ይጠብቃል፤ አንዱ እጅ ላይ ጥቅም ካለ ሌላው እጅ ላይ ጉዳት መኖር አለበት። ቻይንኛው ግን "ይ ፋንግምየን፣ ሊንግ ይ ፋንግምየን" ነው፤ በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል። ይሄኛው ለመቃረንም ለመጨመርም ይሆናል። አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንምጣ። የእኛው "በሌላ በኩል"ስ? ዜና አንባቢው "ሚኒስትሩ ፋብሪካ መረቁ፤ በሌላ በኩል የችግኝ ተከላ ተካሄደ" ሲል ምን ተቃርኖ አለው? ስለዚህ ነው ስሕተቱ ያልታየኝ። ዓይኔ ላይ የነሱው ዓይነት መነጽር ነበር።

በሚቀጥለው ማታ መጻፍ አቆምን። ሁሉም ተነሥቶ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ እንዲቆም አደረግሁ፣ እንደ ሚዛን። የቀኙን እጅ ዝቅ የሚያደርግ ነገር ይናገራል፣ ከዚያ የግራውን ዝቅ የሚያደርግ ካላገኘ ያቺን ሐረግ እንዳይነካት። አሥራ ምናምን ሰው በጠባብ ክፍል ውስጥ እጁን ዘርግቶ "ስልክ ዋጋው ውድ ነው" እያለ ሲያዘነብል ብታዩ የጸሎት ማኅበር ይመስላችኋል። ግን ሠራ።

ሌላ ደግሞ አለ፤ ተመሳስሎ የሚያስት። "ሾውሽያ" ቃል በቃል ከእጅ በታች ነው፤ የበታች ሠራተኛ ማለት ነው። አንዱ ተማሪዬ የሥራ ማመልከቻ ሲሞላ "አራት አንደርሃንድ ሰዎች አሉኝ" ሊል ነበር። አንደርሃንድ በእንግሊዝኛ ሸፍጠኛ ነው፣ ከጠረጴዛ ሥር የሚሠራ። አራት ሸፍጠኛ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሥራ የሚጠይቅ ሰው አስቡት።

እና እጅ ማጠር ላይ አልጨረስኩም። ለካ ቻይንኛም "እጅ አጠረ" የሚል አለው፣ ግን ሦስተኛ ትርጉም ነው ያለው። "የሰው የበላ አፉ ይለሰልሳል፣ የሰው የተቀበለ እጁ ያጥራል" ይላሉ። ስጦታ ከተቀበልክ በሰጪው ላይ እጅህን መዘርጋት አትችልም ማለት ነው። ይሄን ሲነግሩኝ እጅ መንሻ የሚለው ቃላችን ትዝ አለኝ፤ ባለጉዳዩ ደጅ የሚጠናበት። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ሰው እጁ አጠረ። እንግሊዙ ሠራተኛ ቀረበት ይላል፣ ሐበሻው ገንዘብ አጣ ይላል፣ ቻይናው ጉቦ በልቷል ይላል። አንድ እጅ ነው'ኮ!

ለእኛ የሚከብደን ደግሞ ለነሱ የሚቀልበት ቦታ አለ። እንግሊዝኛ "እጅ ስጠኝ" ሲል እርዳኝ ነው። ቻይናውያን "ዳ ባ ሾው" ይላሉ፣ እጅህን ጣል አድርግበት እንደ ማለት፤ ወዲያው ይገባቸዋል። በእኛ ቋንቋ ግን እጅ መስጠት መማረክ ነው። ሶፋ ልታነሣ ጎረቤትህን ጠርተህ "እጅህን ስጥ" ብትለው ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ ያነሣል።

እጅ መታጠብም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛው ከጲላጦስ ጋር የተያያዘ ነው፣ ማቴዎስ 27 ላይ ያለው፤ "እኔ የለሁበትም" ለማለት። ለእኛ ማብራሪያ አያሻውም። ቻይናዊው ግን የሚያስበው የወርቅ ሳህን ነው። ሽፍታ ወይም ወሮበላ ሥራውን ሲተው በወርቅ ሳህን እጁን ታጠበ ይባላል፤ ከዛሬ ጀምሮ ሰላማዊ ሰው ነኝ እንደ ማለት። እናም አንድ የውጭ አለቃ "ከዚህ ፕሮጀክት እጄን ታጥቤአለሁ" ሲል ቻይናዊው ሠራተኛ በልቡ "እስከ ዛሬ ምን ይሰርቅ ነበር?" ቢል አይፈረድበትም።

ማጨብጨቡ ደግሞ አለ። "አንድ እጅ አያጨበጭብም" የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እነሱም "አንድ መዳፍ አይጮኽም" ይላሉ። ደስ ብሎኝ "እኛም አለን፣ ተባበሩ ማለት ነው" ስላቸው ተያዩ። የነሱ ለጠብ ነው። ሁለት ልጆች ተደባድበው አንዱ "እሱ ነው የጀመረኝ" ሲል እናቲቱ የምትለው ነው፤ አንተም እጅህ አለበት እንደ ማለት። እኛ ለደቦ የምንጠራበትን እነሱ ለዳኝነት ይጠሩበታል።

ፈረሱን ቶሎ ልንገራችሁና ልለፍ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የፈረስ ቁመት የሚለኩት በእጅ ነው፤ አንዱ እጅ 4 ኢንች፣ ማለትም 10.16 ሳንቲ ሜትር። እኛ በክንድና በስንዝር እንደምንለው። አንድ የምሕንድስና ተማሪ "15.2 እጅ" የሚል አገኘና በ10.16 አባዝቶ 154.43 አመጣ። ተሳስተሃል አልኩት። ከነጥቡ ኋላ ያለችው 2 ሁለት ኢንች ነች፣ አሥረኛ አይደለችም። ስለዚህ ፈረሱ 157.48 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጁ እርሳሱን አስቀምጦ "ይሄ ቋንቋ አይደለም፣ ተንኮል ነው" አለኝ።

የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቹ ደግሞ አዳም ስሚዝ በ1776 ያሳተመው መጽሐፍ ላይ ያለችውን የማትታየዋን እጅ ይወዷታል። በቻይንኛ ፖለቲካ ቋንቋ የምትታይም እጅ አለች፤ የማትታየው ገበያው ናት፣ የምትታየው መንግሥት። እኔ ግን በአማርኛ ጆሮ "የማይታይ እጅ" ስሰማ ሌላ ነገር ነው የሚመጣብኝ። እኛ አገር የማይታይ እጅ አለበት ከተባለ ሴራ አለ ማለት ነው። እንዲህ ስላቸው "ለዚህማ እኛ ጥቁር እጅ ነው የምንለው" አሉኝ፤ ከመጋረጃ ጀርባ ያለው። ያን ማታ ሰዓቱ አልፎን የሕንፃው ዘበኛ መብራት እያጠፋ እያበራ አስወጣን።

ከተመለስኩ በኋላ ከጥቂቶቹ ጋር በስልክ እንገናኛለን። ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ አሁን ከእህቷ ጋር ትንሽ የዳቦ ቤት ከፍታለች። ባለፈው የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሰሞን መልእክት ላከችልኝ። "ላኦሽ፣ ሰላም ነህ? እኛ ደህና ነን፣ ግን በጣም ሾርት ሃንድድ ነን።"

አነበብኩት። አዘንኩ። ስንት ልላክላት፣ በምን በኩል ልላክ እያልኩ የባንክ መተግበሪያዬን ከፈትኩ። ቀሪ ሒሳቤን አየሁ። እጅ አጥሮኛል። "ይቅርታ፣ በዚህ ወር እኔም..." ብዬ መጻፍ ስጀምር ሁለተኛው መልእክት ገባ፤ ሦስት ሠራተኞቻቸው ለበዓሉ ወደየቤታቸው ሄደው እሷና እህቷ ብቻ ሊጥ ሲያቦኩ የሚያሳይ ፎቶ ነበር፤ አራት እጅ፣ እስከ ክርን ዱቄት።